ጥቁሩ ቅዱስ በጀርመን ከተማ ጋሻ ላይ

በጀርመን አገር፣ በባቫሪያ ክፍል ሰሜናዊ ጫፍ፣ ኮቡርግ የምትባል ከተማ አለች። ሕዝቧ ከ40,000 ጥቂት የሚበልጥ ነው። ለታሪክ ተማሪ ስሟ እንግዳ አይደለም። የእንግሊዝ ንግሥት ቪክቶሪያ ባል ልዑል አልበርት በ1819 የተወለደው በዚችው ከተማ አጠገብ ነው (በዚህ ጽሑፍ ያለው ዘመን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው)። ማርቲን ሉተርም በ1530 ከከተማይቱ በላይ ባለው አምባ ለስድስት ወር ያህል ተቀምጦበታል። ወደ ኮቡርግ የሚሄድ እንግዳ ግን ከዚህ ሁሉ ይልቅ የሚገርመው የከተማይቱ ዓርማ ነው። በወርቅማ ጋሻ ላይ የአንድ ጥቁር ሰው ራስ በጎን ተስሎ ይታያል፤ በጆሮውም የወርቅ ጉትቻ አለ።

ለመሆኑ የጥቁር ሰው ራስ በጀርመን ከተማ ጋሻ ላይ እንዴት ሊገኝ ቻለ?

ነገሩን ለመረዳት አስቀድሞ የዓርማን ጥበብ ጥቂት ማወቅ ያስፈልጋል። በ12ኛው መቶ ዓመት የአውሮፓ ባላባቶች ጥሩር ለብሰው፣ ፊታቸውን በራስ ቁር ሸፍነው ሲዋጉ ወዳጅ ከጠላት የማይለይበት ጊዜ ሆነ። ስለዚህ እያንዳንዱ በጋሻው ላይ የራሱን ምልክት መሳል ጀመረ። ምልክቱ ከሩቅ እንዲታይ ሲባል ሕግ ወጣለት፤ ይኸውም ወርቅና ብር ከሚባሉት ከቢጫና ከነጭ አንዱ በሌላው ላይ እንዳይደረብ፣ ጥቁር፣ ቀይ፣ ሰማያዊና አረንጓዴም እርስ በርሳቸው እንዳይደረቡ ነው። የኮቡርግ ጥቁር ራስ በወርቅ መደብ ላይ መቀመጡ ይህን ሕግ የጠበቀ ነው። ልማዱ ከባላባቶች ወደ ጳጳሳት፣ ከዚያም ወደ ከተሞች አለፈ። ብዙዎቹ የጀርመን መንደሮች ግን ዓርማ ያገኙት በ20ኛው መቶ ዓመት ነው። መንደሩም ለዓርማው የሚመርጠው አብዛኛውን ጊዜ የጥንት ጌታውን ምልክት፣ የሕዝቡን ሥራ፣ ወይም የቤተ ክርስቲያኑን ጠባቂ ቅዱስ ነው።

ኮቡርግም የመረጠችው ጠባቂዋን ቅዱስ ሞሪስን ነው፤ ጀርመኖች ሞሪትዝ ይሉታል። እንደ ትውፊቱ ቅዱስ ሞሪስ ከላይኛው ግብፅ፣ ከቴቤስ የመጣ የሮማ ጦር አዛዥ ነበር። በ3ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ገደማ፣ ዛሬ ስዊስ በሚባለው አገር፣ ንጉሠ ነገሥት ማክሲሚያኖስ ጦሩን ለጣዖት እንዲሠዋና ክርስቲያኖችን እንዲያሳድድ አዘዘው። ሞሪስና ወታደሮቹ እንቢ አሉ። በመጀመሪያ ከአሥር አንድ እየተቆጠረ ተገደለ፤ የተረፉትም ስላልታዘዙ በመጨረሻ ሁሉም አለቁ። ታሪክ ጸሐፊዎች ስለ ዝርዝሩ ይከራከራሉ፤ የቅዱሱ ክብር ግን በአውሮፓ ሁሉ ተሰማ። የጀርመኑ ንጉሥ ቀዳማዊ ኦቶ በ937 በማግደቡርግ በስሙ ገዳም ተከለለት።

ሞሪስ በመጀመሪያ የሚሳለው እንደማንኛውም ሮማዊ ነበር። ነገር ግን ስሙ የወጣው በላቲን «ማውሩስ» ከሚለው ቃል ሲሆን፣ ይህም የሰሜን አፍሪካን ሰው የሚያመለክት ቃል ነው። በ13ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ገደማ የማግደቡርግ ካቴድራል ድንጋይ ቀራጭ ጥሩር የለበሰ፣ መልኩ በግልጥ አፍሪካዊ የሆነ ቅዱስ ሞሪስ ከድንጋይ ቀረጸ። ሐውልቱ ዛሬም አለ፤ ፊቱ የጨዋና የጀግና ወታደር ፊት ነው። ከዚያ ወዲህ ብዙ የጀርመን ሠዓሊዎች ቅዱሱን ጥቁር አድርገው ሣሉት። የኮቡርግም ዓርማ የመጣው ከዚሁ ወገን ነው።

የኮቡርግ ሕዝብ ቅዱሱን በቤተ ክርስቲያን ብቻ አልተወውም። በማዘጋጃ ቤቱ ጣሪያ ጫፍ ላይ በትር ይዞ ቆሟል፤ ከተማይቱ የታወቀችበት በጥድ ፍሬ እሳት የሚጠበሰው ቋሊማ ርዝመቱ በዚያ በትር ልክ መሆን አለበት ይባላል።

ይህ የሰላም ታሪክ በናዚዎች ዘመን ተቋረጠ። ኮቡርግ በ1929 የናዚ ፓርቲ የማዘጋጃ ቤትን ምክር ቤት በድምፅ ብልጫ የያዘባት የመጀመሪያዋ የጀርመን ከተማ ነበረች። የዘር ትምህርታቸው ጥቁርን ሰው ዝቅ የሚያደርግ ስለ ነበረ፣ የጥቁር ራስ የከተማ ክብር ሆኖ ሊቀመጥ አልቻለም። በ1934 ቅዱሱ ወረደ፤ በምትኩ እጀታው ስዋስቲካ ያለበት፣ ጫፉ ወደ ታች የተደፋ ሰይፍ ተተከለ። ናዚዎች በ1945 ሲወድቁ የቀድሞው ዓርማ ተመለሰ።

ክርክሩ ግን በዚያ አላበቃም። በ2020 አንዳንድ ሰዎች ዓርማው ይለወጥ ብለው ፊርማ አሰባሰቡ። ወፍራሙ ከንፈርና ጉትቻው የአፍሪካን ሰው መሳለቂያ የሚያደርጉ ናቸው፣ «ሞር» የሚለውም መጠሪያ ስድብ ሆኗል አሉ። ሌሎች ደግሞ ምስሉ የክብር ምስል ነው፣ ማውረዱ የ1934ን ሥራ መድገም ነው ብለው በተቃራኒው ፈረሙ። ዓርማው እስካሁን በቦታው አለ።

በእኔ አስተያየት ሁለቱም ወገኖች እውነት አላቸው። ቅዱሱ ከጋሻው መውረድ የለበትም፤ ነገር ግን የማግደቡርጉን ሐውልት ከኮቡርጉ ራስ ጋር ላስተያየ ሰው ልዩነቱ ግልጥ ነው። አንዱ ስምና ማዕረግ ያለው ሰው ሲሆን፣ ሌላው ወደ ምልክትነት ያለፈ ፊት ብቻ ነው። ከተማይቱ ጠባቂዋን በእውነት የምታከብር ከሆነ፣ ከ750 ዓመት በላይ የቆየው ያ የድንጋይ ፊት ለአዲስ ሥዕል ጥሩ አብነት ይሆናት ነበር።