የመናገር መብትና የባለቤት ፈቃድ፦ ከቤት ደጃፍ እስከ ቴሌግራም ግሩፕ

ከቴሌግራም ግሩፕ የተወገደ ሰው «የመናገር መብቴን ተነፈግሁ» ይላል፤ ያስወገደው ደግሞ «ቤቱ የእኔ ነው» ሲል ይመልሳል። ግሩፑ በመስጊድ ስም የተከፈተ ሲሆን ክርክሩ ወደ ኢማሙ ይመጣል። ሁለቱም ወገኖች ከፊል እውነት እንደያዙ እናምናለን፤ ፍርዱ የሚወሰነው ቤቱ የማን እንደሆነ በመለየት ነው።

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 29 ያረጋገጠው ሐሳብን የመግለጽ ነጻነት በዋነኛነት የመንግሥትን ሥልጣን ይገድባል፤ ማንም ግለሰብ ሳሎኑን ለሌላው ንግግር እንዲከፍት አያስገድድም። በሱረቱ አን-ኑር አንቀጽ 27 እና 28 የተደነገገው የማስፈቀድ ሥርዓት (ኢስቲእዛን) ከዚህ ጋር ይስማማል። ወደ ሰው ቤት የሚሄድ አስፈቅዶና ሰላምታ አቅርቦ ይገባል፤ ተመለስ ከተባለም ይመለሳል። መመለሱ ለእርሱ ይበልጥ ንጹሕ የሆነ ተግባር እንደሆነ ተገልጿል እንጂ እንደ ውርደት አልተቆጠረም። አንድ ኡስታዝ በግሉ የከፈተው ግሩፕም በዚሁ መልክ ከቤቱ ጋር ይነጻጸራል።

መስጊድ ግን ወቅፍ ነው፤ አስተዳዳሪውም (ናዚሩ) ባለአደራ እንጂ ባለቤት አይደለም። ስለሆነም በመስጊዱ ስም የሚመራ ግሩፕ ከግል ቤት ይልቅ ለአደራ ይቀርባል እንላለን። ኃላፊው ስድብንና ሐሜትን ሊያግድ ይገባዋል፤ ስለ ጀመዓው ገንዘብ አያያዝ በአደብ የጠየቀን ሰው ግን ጥያቄው ስላልጣመው ብቻ ሊያስወጣው አይገባም። ሱረቱ አን-ኒሳእ አንቀጽ 148 ክፉ ንግግርን ይፋ ማድረግ የሚጠላ መሆኑን ሲገልጽ የተበደለን ሰው ለይቶ አስቀርቷል። ይህ በደልን ለማሰማት እንጂ ለመዋሸት የተሰጠ ፈቃድ አይደለም።

የባለቤቱ ፈቃድም ቢሆን ተናጋሪውን ከተጠያቂነት አያድንም። ሱረቱ አል-ሑጁራት በአንቀጽ 6 ወሬን ማጣራትን ሲያዝ፣ በአንቀጽ 12 ስለላንና ሐሜትን ከልክሏል። በአገራችንም አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ብሔርን ወይም ሃይማኖትን መሠረት አድርጎ ሆን ብሎ ጥላቻን ማራመድን ወንጀል አድርጎታል፤ የማኅበራዊ ሚዲያ ድርጅቶችም ጥቆማ በደረሳቸው በ24 ሰዓት ውስጥ እንዲህ ያለውን መልእክት እንዲያነሱ ይጠይቃል። አቡ ዳዉድና ቲርሚዚ ከጃቢር የዘገቡት ሐዲስ ደግሞ ሰው ዙሪያውን ቃኝቶ የነገረን ነገር አደራ መሆኑን ያስተምራል። በግል የተላከን መልእክት ስክሪንሾት አንሥቶ የሚያሰራጭ ይህን አደራ ያፈርሳል።

ስለዚህ ኢማሞችና መምህራን የግሩፑን ደንብ አስቀድመው እንዲያሳውቁ፣ አጥፊውን በመጀመሪያ ለብቻው እንዲመክሩ፣ ሲያስወጡም ምክንያቱን ነግረው ቅሬታውን ለመስጊዱ ኮሚቴ የሚያቀርብበትን መንገድ እንዲያመለክቱት እንመክራለን። ባለአደራ በሩን ሊዘጋ ይችላል፤ ለምን እንደዘጋው ግን ለጀመዓው፣ በመጨረሻም በአላህ ፊት፣ መልስ ይሰጥበታል።