ሾፌር አልባዋ የአሻንጉሊት ከተማ፦ በፌርፋክስ አቅራቢያ የሚገኘው ተንቀሳቃሽ ቅርጽ እንዴት ይሠራል?

በሎስ አንጀለስ የሚገኘው የፌርፋክስ ጎዳና በኦሊምፒክ እና በዊትወርዝ መንገዶች መካከል ያለው ክፍሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ2002 ጀምሮ በከተማዋ ምክር ቤት ውሳኔ “ትንሿ ኢትዮጵያ” ተብሎ ይጠራል። የእንጀራውንና የቡናውን ሽታ ወደ ኋላ ትቶ በዚያው ጎዳና ወደ ሰሜን ሃያ ደቂቃ ያህል የተጓዘ እግረኛ ዊልሸር ከተሰኘው አውራ ጎዳና ይደርሳል። በስተቀኙ የሎስ አንጀለስ ካውንቲ የሥነ ጥበብ ሙዚየም፣ በአጭሩ ላክማ፣ ይገኛል። በሙዚየሙ ውስጥ 1,100 ትናንሽ መኪኖች ያለ ሾፌር የሚሯሯጡባት የአሻንጉሊት ከተማ ተተክላለች።

ስሟ “ሜትሮፖሊስ ሁለት” ነው። አሜሪካዊው ቀራጺ ክሪስ በርደን ከረዳቶቹ ጋር ለዓመታት ደክሞባት በ2012 መጀመሪያ በላክማ ለሕዝብ ቀረበች። ቁመቷ ሦስት ሜትር ገደማ ሲሆን፣ በብረት ምሰሶዎች መካከል 18 መንገዶች እየተጠላለፉ ያልፋሉ፤ ከእነርሱም አንዱ ባለስድስት መሥመር ፈጣን መንገድ ነው። በመካከሉ የባቡር ሐዲዶች ተዘርግተዋል። ሕንፃዎቹ ከሌጎ ጡቦች፣ ከእንጨት መጫወቻዎችና ከሸክላ ንጣፎች የተገጣጠሙ ናቸው። ሙዚየሙ እንደሚለው በከተማዋ ውስጥ በአንድ ሰዓት 100,000 ያህል መኪኖች ያልፋሉ። ቁጥሩን በ1,100 ያካፈለ ሰው እያንዳንዷ መኪና በሰዓት ዘጠና ጊዜ ገደማ እንደምትዞር ይረዳል። ድምፁ በቆርቆሮ ጣሪያ ላይ የሚወርድ በረዶ ያህል ነው።

ተመልካቹን ከሁሉ በላይ የሚያስገርመው ግን መኪኖቹ ሞተር የሌላቸው መሆኑ ነው። ባትሪም ሆነ የሚጠመዘዝ ሞላ የላቸውም። ከታች ሲደርሱ ማግኔት የተገጠመለት ተንቀሳቃሽ ቺንጋ አንድ በአንድ እየያዘ ወደ ከተማዋ አናት ያወጣቸዋል፤ እዚያ ሲለቃቸው የቀረውን ሥራ ቁልቁለቱ ይሠራዋል። የኤሌክትሪኩ ድርሻ ማንሣት ብቻ ነው። ውሃ ወደ ጋን የሚያወጣ ፓምፕም እንዲሁ ነው፤ ውሃው አንዴ ከወጣ በኋላ ለመውረድ የማንንም እርዳታ አይፈልግም።

ሐሳቡ ቀላል ይመስላል። በቤት ውስጥ ተመሳሳይ ነገር ለመሥራት የሞከረ ሰው ግን ችግሩ ከሞተሩ እንደሚጀምር ያውቃል። አነስተኛ የኤሌክትሪክ ሞተር በባሕርይው ፈጣንና ደካማ ነው፤ በደቂቃ በሺዎች የሚቆጠር ዙር እየዞረ ዘንጉን በሁለት ጣት ጨብጦ ማቆም ይቻላል። ሸክም እንዲያነሣ ከተፈለገ ከፍጥነቱ ማስከፈል ግድ ይሆናል። ልውውጡ የሚካሄደው በማርሽ ነው። ስምንት ጥርስ ያለው ማርሽ 24 ጥርስ ያለውን ሲያዞር፣ ትንሹ ሦስት ጊዜ ዞሮ ትልቁ አንድ ጊዜ ብቻ ይዞራል። ፍጥነቱ ወደ ሲሶ ይወርዳል፤ የማዞር ጉልበቱ ግን ሰበቃ የሚወስደው ካልታሰበ ሦስት እጥፍ ያድጋል። አቀበት ላይ ማርሽ የሚቀይር ብስክሌተኛ የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ተመሳሳይ ሁለተኛ ጥንድ ሲጨመር ጉልበቱ ዘጠኝ፣ ሦስተኛ ሲጨመር ደግሞ ሃያ ሰባት እጥፍ ይሆናል።

እንደ ቡሎን ጥርስ የተጠማዘዘ ዘንግ ከማርሽ ጋር ሲገናኝ ውጤቱ ይበልጥ የጎላ ነው። ዘንጉ አንድ ሙሉ ዙር ሲዞር ማርሹ የሚራመደው አንድ ጥርስ ብቻ በመሆኑ 24 ጥርስ ያለው ማርሽ አንድ ዙር ለመጨረስ 24 የዘንግ ዙሮችን ይጠይቃል። ይህ ሒሳብ እስከ ምን ድረስ ሊገፋ እንደሚችል ያሳየው አሜሪካዊው ቀራጺ አርተር ጋንሰን ነው። “ማሽን ዊዝ ኮንክሪት” በተሰኘው ሥራው ፍጥነቱን እያንዳንዳቸው በሃምሳ የሚያካፍሉ 12 ጥንዶችን በተከታታይ ገጠመ። ሞተሩ በደቂቃ ከ200 ጊዜ በላይ ይዞራል፤ የመጨረሻው ማርሽ ግን አንድ ዙር ለመጨረስ ከሁለት ትሪሊየን ዓመት በላይ ያስፈልገዋል። ስለዚህም ጋንሰን የመጨረሻውን ማርሽ በኮንክሪት ውስጥ ቀበረው። ሞተሩ ምንም እንዳልተፈጠረ መዞሩን ይቀጥላል።

እንዲህ ያለውን ሙከራ ከወርክሾፕ አውጥቶ ወደ ሳሎን ያስገባው የመገጣጠሚያ አሻንጉሊት ነው። እንግሊዛዊው ፍራንክ ሆርንቢ ቀዳዳ ያላቸው የብረት ቁርጥራጮች በቡሎንና በዳዶ እየተያያዙ ድልድይና ክሬን የሚሠራባቸውን፣ በኋላ ሜካኖ የተባለውን አሻንጉሊት በ1901 የፈጠራ ባለቤትነት አስመዘገበ። በአሜሪካ አቻው ኢሬክተር በ1913 ገበያ ላይ ዋለ። የዴንማርኩ ሌጎ የዛሬውን ጡብ ያስመዘገበው በ1958 ሲሆን፣ ማርሽና ዘንግ ያሉትን፣ ዛሬ ቴክኒክ በሚል ስም የሚታወቀውን ዓይነት ያወጣው ደግሞ በ1977 ነው። በርደን ራሱ ከሜትሮፖሊስ በፊት በኢሬክተርና በሜካኖ ቁርጥራጮች ድልድዮችን ይሠራ ነበር። በ2008 በኒው ዮርክ ሮክፌለር ማዕከል ፊት ለፊት ያቆመው 65 ጫማ (20 ሜትር ገደማ) ሕንፃ አንድ ሚሊዮን ያህል ቁርጥራጮች ፈጅቷል። ርእሱ “አባቴ የሰጠኝ” የሚል ትርጉም አለው።

የሌጎ ማርሾች ለጀማሪ የሚያደርጉት ውለታ በልካቸው ላይ ነው። ስምንትና 24 ጥርስ ያላቸው ማርሾች ዘንጎቻቸው በሁለት ጉጥ ርቀት ሲቀመጡ፣ ስምንትና 40 ጥርስ ያላቸው ደግሞ በሦስት ጉጥ ርቀት ሲቀመጡ በትክክል ይናከሳሉ። የልኬቱን ሥራ ጡቡ አስቀድሞ ጨርሶታል። ለሠሪው የሚቀረው ትዕግሥት የሚጠይቀው ክፍል ነው፤ ዘንጉን በሁለቱም ጎን መደገፍ ይኖርበታል፤ አለበለዚያ ሸክም ሲመጣ ይጎብጥና ጥርሱ ይዘላል። እያንዳንዱን ጥንድም ሞተሩ ከመገጠሙ በፊት በእጅ አዙሮ መፈተን ይገባል። በጣት ሲያዞሩት የሚያንገራግር ነገር በሞተር አይቃናም፤ ይሰበራል እንጂ።

በዓለም ዙሪያ ያሉ የሌጎ ወዳጆች ከ2005 ጀምሮ የጋራ ደንብ አውጥተው ትናንሽ ኳሶችን እርስ በርስ የሚቀባበሉ ማሽኖች ይሠራሉ። እያንዳንዱ ሰው የራሱን ክፍል ይዞ ይመጣል፤ ክፍሉ በአማካይ በሰከንድ አንድ ኳስ ተቀብሎ ለጎረቤቱ ማስተላለፍ አለበት። አንዱ ሲቆም ኳሱ ከኋላው ይከማቻል፤ ጥፋተኛውን መፈለግ አያሻም።

ለበርካታ ኢትዮጵያውያን ይህ ጥበብ ከልጅነት የራቀ አይደለም። ሽቦ አጥፎ መኪና የሠራ፣ ቆርኪ ጎማ ያደረገለት፣ ወይም በአሮጌ ኩሽኔታ ላይ ሳንቃ ጭኖ ቁልቁለት የወረደ ልጅ ሜትሮፖሊስ ሁለት የምትሠራበትን ዋና ሕግ በጉልበቱ ጠባሳ ተምሮታል። ልዩነቱ እርሱ መኪናውን ወደ ላይ የሚመልሰው በገዛ ትከሻው መሆኑ ነው።

የአሻንጉሊት ከተማዋ ጉዳይ ግን በአሻንጉሊት ብቻ አያበቃም። በርደን ሰው እንዳሻው መኪና የሚነዳበት ዘመን ወደ ማብቂያው እንደተቃረበ ያምን ነበር፤ ሜትሮፖሊስም መኪኖች ያለ ሾፌር በፍጥነት የሚፈሱባትን መጪ ከተማ ታመለክታለች። እርሱ በግንቦት 2015 አረፈ። በኅዳር 2024 ዋይሞ የተባለው ኩባንያ ሾፌር አልባ ታክሲዎቹን በሎስ አንጀለስ ለማንኛውም ተሳፋሪ ክፍት አደረገ። መሪ ጨብጠው ቤተሰብ ያስተዳደሩ፣ አገር ቤት ገንዘብ የላኩ ኢትዮጵያውያን ባሉባት ከተማ ይህ የሙዚየም ወሬ አይደለም። በትንሿ ኢትዮጵያ ቡና ላይ ለሚቀመጥ ሾፌር በርደን የሳላት ከተማ የነገ እንጀራው ጥያቄ ናት።

ሾፌር የሌላት ይህች ከተማ ታዲያ ያለ ሰው አትሠራም። በምትንቀሳቀስበት ጊዜ ሁሉ በመንገዶቹ መሀል አንድ ባለሙያ ይቆማል። መኪና ከመሥመሯ ስትወጣ ወይም ከኋላዋ ሌሎች ሲከማቹ እጁን ሰድዶ ያቃናል፤ ካስፈለገም ያቆማታል። በሰዓት ዘጠና ጊዜ የሚዞር ነገር ማለቁ ስለማይቀር የመኪኖቹ ጎማዎች ይበላሉ፤ ያረጀው በአዲስ ይተካል። በዚህም ምክንያት ሜትሮፖሊስ ሁለት ሙዚየሙ ክፍት በሆነበት ሰዓት ሁሉ አትሮጥም፤ የምትንቀሳቀሰው በተወሰኑ ቀናትና ሰዓታት ብቻ ነው። ልጆቹን ይዞ ከፌርፋክስ የሚነሣ ወላጅ የሙዚየሙን ፕሮግራም አስቀድሞ ቢያይ ይሻለዋል።