ስለ «ድርጅታዊ ንቁነት» ስያሜ

በ1999 እ.ኤ.አ. ካርል ዋይክና ባልደረቦቹ ያቀረቡት ፅንሰ ሐሳብ፣ የአንድ ድርጅት ሠራተኞችና ኀላፊዎች ትናንሽ የስሕተት ምልክቶችን አደጋ ሳይደርስ በጋራ የሚለዩበትን ልማድ ያመለክታል። ይህን «ጥንቃቄ» ብንለው ኀላፊነቱ በሠራተኛው ብቻ ላይ ይወድቃል፤ ጉዳት ሲደርስም «ባለመጠንቀቁ ነው» ተብሎ ነገሩ ይዘጋል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ግን ደኅንነትን የመጠበቅ ግዴታ በአሠሪውም ላይ ጥሏል። «አስተውሎት» ደግሞ «ሰው ሠራሽ አስተውሎት» በሚለው ስያሜ ተይዟል። ስለዚህ «ነቅቶ ጠበቀ» ከሚለው አነጋገር «ድርጅታዊ ንቁነት»ን መርጠናል። ለመፍቻው አብነቱን ከመንዝ እንወስዳለን፤ የጓሳን ሣር ከ17ኛው ምዕተ ዓመት ጀምሮ በጋራ ሕግ እየዘጋና እየከፈተ ሲጠብቅ የኖረው አንድ ዘበኛ ሳይሆን ማኅበረሰቡ ነው። ንቁነቱ የማኅበር መሆኑን ያልገለጸ ትርጉም ፅንሰ ሐሳቡን ያጎድላል።