ስለ ኔትወርክ ስዊች ነጋዴ ሊያውቀው የሚገባ

ባሁኑ ዘመን የአንድ አስመጪ ወይም ላኪ ጽሕፈት ቤት ሥራ፥ የሂሳቡ መዝገብ፥ የመጋዘኑ ዝርዝር፥ ከባንክ ጋር የሚደረገው መላላክ ሁሉ በአንድ ትንሽ ሣጥን ውስጥ ያልፋል። ሣጥኑ ስዊች ይባላል፤ ስሙ ከመብራት ማብሪያው ጋር አንድ ቢኾንም ሥራው ፈጽሞ ሌላ ነው። ይኸውም ከኮምፒውተር፥ ከማተሚያና ከካሜራ የሚመጡትን ገመዶች እያገናኘ መልእክቱን ለተላከለት መሣሪያ ማድረስ ነው።

በገበያ ኹለት ዐይነት ይገኛል። አንደኛው ገመድ ሰክተው የሚተዉት ሲኾን፥ ሌላው በባለሙያ የሚታዘዘው፥ ማኔጅድ የሚባለው ነው። የኹለቱ ፕሮፎርማ ሲቀርብ ዋጋው ስለሚራራቅ ብዙ ነጋዴ ወደ ርካሹ ያዘነብላል፤ ለአንድ ሱቅና ለሦስት ኮምፒውተር ይህ ስሕተት አይደለም። ሠራተኛውና ፎቁ ሲበዛ ግን ነገሩ ይለወጣል።

በሚታዘዘው ስዊች ላይ ቪላን የሚባል መከፋፈያ አለ። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1998 ዓ.ም. የጸደቀው 802.1ኪው የተባለው ደንብ አንዱን ኔትወርክ እስከ 4,094 በሚደርስ ቍጥር ለመለየት ያስችላል። በመካከላቸው መንገድ ካልተከፈተ በቀር፥ እንግዳ የሚጠቀምበት ዋይፋይ ከሂሳብ ሹሙ ኮምፒውተር ጋር አይገናኝም።

ሌላው አደጋ የገመድ ዙር ነው። በጽዳት ጊዜ የተነቀለ ገመድ ኹለቱም ጫፉ በአንዱ ስዊች ቢሰካ፥ ለሁሉ የሚላከው መልእክት ያለ ማቋረጥ እየተባዛ መሥሪያ ቤቱን በጥቂት ሰከንድ ሊያቆመው ይችላል። ይህን የሚከለክለውን ስፓኒንግ ትሪ የተባለ ዘዴ በ1985 ራዲያ ፐርልማን የተባሉ አሜሪካዊት መሐንዲስ ፈጠሩት፤ ዘዴውም ትርፉን መንገድ ዘግቶ ያቆያል፥ ዋናው ሲበጠስ ይከፍተዋል። ኾኖም ኔትወርኩ ካለ ልክ ከተንዛዛ እርሱም ይከዳል፤ በኖቬምበር 2002 በቦስተን ከተማ የቤት እስራኤል ዲከነስ ሆስፒታል ኔትወርክ በዚሁ ምክንያት ወድቆ ሐኪሞቹ ለቀናት ወደ ወረቀት ተመልሰዋል።

መብራት በሚመላለስበት አገር ደግሞ ከዚህ ይልቅ የሚያሳስበው ሌላ ነው። በብዙዎቹ ስዊቾች ላይ ባለሙያው የሚሰጠው ትእዛዝ ወዲያው ቢሠራም፥ «ይቀመጥ» ካልተባለ ኃይል ሲቋረጥ ይጠፋል። ባለሙያው ሂሳቡን ተቀብሎ ከሄደ በኋላ መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ስዊቹ የቀድሞውን ይዞ ይነሣል፤ ባለሱቁም ዕቃው ተበላሸ ብሎ ሌላ ሊገዛ ይሄዳል። ስለዚህ ገንዘቡ ከመከፈሉ በፊት፥ ባለሙያው ባለበት፥ ስዊቹ ከመብራት ተነቅሎ እንደገና ይሰካና ሁሉም እንደ ነበረ መመለሱ ይታይ። የትእዛዙም ቅጂ በፍላሽ ተገልብጦ ለባለቤቱ ይሰጥ።

ከፋብሪካ የመጣው የይለፍ ቃል ይለወጥ፤ አዲሱም በታሸገ ፖስታ በካዝና ይቀመጥ። ባለሙያው ብቻ የሚያውቀው ከኾነ፥ እርሱ ሥራ በለቀቀ ጊዜ ስዊቹን ወደ ፋብሪካ ኹኔታው መልሶ ሁሉን ከመጀመሪያ ማዘዝ ግድ ሊኾን ይችላል።