መጋዘኑ ከመቃጠሉ በፊት

እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 17 ቀን 2013 በአሜሪካ ቴክሳስ ግዛት ዌስት በምትባል ትንሽ ከተማ፣ በአንድ የማዳበሪያ መሸጫ ግቢ ውስጥ አሞኒየም ናይትሬት በሁለት ቦታ ተቀምጦ ነበር። አንዱ በእንጨት በተሠራ አሮጌ መጋዘን ውስጥ፣ በኮምፔንሳቶ በተከለሉ ክፍሎች ተከምሯል። ሌላው ገና ባልተራገፈ የባቡር ፉርጎ ላይ ነበር። መጋዘኑ በእሳት ተያያዘና ከክምሩ 30 ቶን ያህሉ ፈነዳ፤ 15 ሰው ሞተ፣ ከ260 በላይ ቆሰለ። ፉርጎው በፍንዳታው ኃይል ተገለበጠ፤ በውስጡ የነበረው ማዳበሪያ ግን አልፈነዳም።

ስለ ማዳበሪያ መጋዘን ደኅንነት ማሰብ የሚፈልግ ሰው ከዚህ ልዩነት ቢነሳ ይጠቅመዋል። የሁለቱም ቦታ ኬሚካል አንድ ነው። የተለየው የተቀመጠበት ነገር ነው።

አሞኒየም ናይትሬት ራሱ አይነድም። በውስጡ ብዙ ኦክስጅን ስለያዘ ግን አጠገቡ የሚነድ ነገር ካገኘ እንደ ቀጥቃጭ ወናፍ ያፋፍመዋል። ንጹሕና ቀዝቃዛ ሆኖ ከተቀመጠ ለረጅም ጊዜ ምንም ሳይሆን ይቆያል፤ በዓለም ዙሪያ ገበሬዎች በየዓመቱ በማሳቸው ላይ የሚበትኑትም ለዚህ ነው። ሙቀቱ ወደ 170 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲጠጋ ይቀልጣል፤ ከዚያ በላይ ሲሄድ እየፈረሰ ጋዝ ያወጣል። ጋዙ መውጫ ካገኘና የቀለጠው ነገር ንጹሕ ከሆነ፣ ብዙ ጊዜ ነገሩ በጭስ ያልፋል። የቀለጠው ከከሰል፣ ከጥላሸት፣ ከዘይት ወይም ከእህል ከተቀላቀለና ጋዙም ከታፈነ ግን ባሕርይው ይለወጣል። የዌስት መጋዘን ይህን ሁሉ አሟልቶ ይዞ ነበር፦ ግድግዳው እንጨት፣ የክምሩ መከለያ እንጨት፣ አጠገቡ ዘር የሚቀመጥበት ክፍል። እሳቱን ገና ሲጀምር የሚያጠፋ፣ ከጣሪያ በራሱ ውሃ የሚረጭ መሣሪያም አልነበረም።

እሳቱ ለአደጋ ጊዜ ጥሪ ማዕከል የተነገረው ከምሽቱ 1 ሰዓት ከ29 ላይ ነው። ፍንዳታው የተሰማው 1 ሰዓት ከ51 ላይ። በመካከሉ ያለው ጊዜ ከ20 ደቂቃ ብዙም አይበልጥም። በዚያች ጊዜ የከተማዋ በጎ ፈቃደኛ የእሳት አደጋ ተከላካዮች ከየቤታቸውና ከየሥራቸው ተጠራርተው ደርሰው ነበር። ከሞቱት 15 ሰዎች 12ቱ እሳቱን ለማጥፋትና ሰው ለማዳን የሄዱ ናቸው። ጎረቤቶቻቸውን ለማዳን የሮጡ ሰዎች ምን ላይ ውሃ እንደሚረጩ በቅጡ አልተነገራቸውም ነበር። በእኔ እምነት የዚህ አደጋ ከባዱ ነገር እዚህ ላይ ነው፤ ከቁሳቁስ ጉድለቱ ይልቅ ያስቆጣኛልም።

በግቢው ውስጥ አደገኛነቱ የታወቀ ሌላ ኬሚካል ነበር። ገበሬዎች በቀጥታ ወደ አፈር የሚያስገቡት፣ ውሃ የሌለበት ፈሳሽ አሞኒያ በሁለት ትልልቅ ታንኮች ተቀምጧል። የድርጅቱ የአደጋ መከላከያ ዕቅድ የተጻፈው ስለ እሱ ነበር። ዕቅዱ ሊደርስ የሚችለው የከፋ ነገር ጋዝ ለ10 ደቂቃ መውጣቱ ነው ይላል፤ እሳትና ፍንዳታን እንደ ሥጋት አልቆጠረም። ተከላካዮቹም የሚያውቁትና የሚፈሩት አሞኒያውን ነበር። የአሞኒያ ታንኮቹ ግን ያን ምሽት አላፈሰሱም።

ዕቅዱን ያዘጋጀው ሰው ዋሸ ማለት አይቻልም። የፌዴራሉ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ዕቅድ የሚያስጠይቅባቸው ኬሚካሎች ዝርዝር ውስጥ አሞኒያ አለ፤ አሞኒየም ናይትሬት የለም። ደንቡ ከዚያ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2017፣ በ2019 እና በ2024 ሦስት ጊዜ ተከልሷል፤ አሞኒየም ናይትሬት ግን እስከዚያ ድረስ አልተጨመረም። የሠራተኛ ደኅንነት ተቆጣጣሪዎች ግቢውን ለመጨረሻ ጊዜ የጎበኙት በ1985 ነበር። ቴክሳስ በግዛት ደረጃ የእሳት ደኅንነት ሕግ አላወጣችም፤ አብዛኞቹ ትንንሽ የገጠር ካውንቲዎችም የራሳቸውን እንዳያወጡ የግዛቱ ሕግ ይከለክላቸው ነበር። እንግዲህ ቅጹ ተሞልቶ፣ ታጥፎ፣ ተቀምጦ ሳለ ክምሩ በእንጨት ውስጥ ኖረ።

እሳቱ እንዴት እንደተነሳ ብዙዎች ተከራክረውበታል። አንድ የፌዴራል የምርመራ ቢሮ በ2016 ሰው ሆን ብሎ የለኮሰው ነው ሲል አስታወቀ፤ የኬሚካል አደጋዎችን የሚመረምረው ቦርድ በዚያው ዓመት ባወጣው የመጨረሻ ሪፖርት መነሻውን አልወሰነም። ለሕግ ትልቅ ጉዳይ ነው። ለመከላከል ግን ያን ያህል አይደለም። መጋዘን የሚሠራው ሰው ኤሌክትሪክ መስመሩ አንድ ቀን እንደሚበላሽ፣ መብረቅ እንደሚወርድ፣ ክፉ ሰው እንደሚመጣ አስቀድሞ ማሰብ አለበት። ኮንክሪት ግድግዳ የለኮሰውን ሰው ማንነት አይጠይቅም።

ስለዚህ የመከላከል ሥራ ዋናው ክፍል የሚያልቀው ሕንፃው ሲነደፍ ነው። አሞኒየም ናይትሬት የማይነድ ግድግዳና ወለል ይፈልጋል፤ ብቻውን መቀመጥ ይፈልጋል። ዘር፣ ነዳጅ፣ ማዳበሪያ የሚጭነው ማሽን፣ የእንጨት ፓሌትና ባዶ ከረጢት ከእሱ ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር ማደር የለባቸውም። ከዩሪያ ጋርም ቢሆን መነካካት የለበትም፤ ሁለቱ ሲቀላቀሉ ከአየር ላይ እርጥበት እየሳቡ ወደ ጭቃ ይለወጣሉ። ሲቀልጥ የሚገባበት የቦይ ጉድጓድ ካለ መደፈን አለበት፤ የታፈነ ቦታ የሚያገኘው እዚያ ነውና። ከዚህ ሁሉ በፊት ግን አንድ ጥያቄ አለ፦ ይህን ያህል መጠን፣ በዚህ መልክ፣ እዚህ ቦታ መኖር አለበት ወይ? በአውሮፓ ብዙ ገበሬዎች የሚጠቀሙት ከኖራ ድንጋይ ዱቄት ጋር የተቀላቀለ ዓይነት ነው፤ ናይትሮጅኑ ከ34 በመቶ ወደ 27 ገደማ ይወርዳል፣ የመፈንዳት ጠባዩም እጅግ ይቀንሳል። ለገበሬው ጥቂት ተጨማሪ ከረጢት መሸከም ነው። ለሰፈሩ ግን ትልቅ ነገር ነው።

አሞኒያው ዌስት ላይ ስላላፈሰሰ ቀላል ነው ማለት አይደለም። በተለመደው የአየር ግፊት ከዜሮ በታች 33 ዲግሪ ላይ የሚፈላ ስለሆነ፣ እንደ ዌስቱ ባሉ ታንኮች ውስጥ ፈሳሽ ሆኖ የሚቆየው በግፊት ነው። ሲያመልጥ መጠኑ ከ800 እጥፍ በላይ ይሰፋል። ጋዙ ከአየር የቀለለ ቢሆንም፣ ሲወጣ ከፍተኛ ቅዝቃዜ ስላለው ነጭ ጉም ሆኖ መሬት ለመሬት ይሄዳል። ውሃ ይፈልጋል፤ በሰው አካል ላይ የሚያገኘው ውሃ ደግሞ ዓይን፣ ጉሮሮና ሳንባ ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ1973 በደቡብ አፍሪካ ፖቸፍስትሩም በአንድ የማዳበሪያ ፋብሪካ የአሞኒያ ታንክ ተሰንጥቆ 38 ቶን ያህል ወጣ፤ 18 ሰው ሞተ። በ2019 ደግሞ በአሜሪካ ኢሊኖይ ግዛት ቢች ፓርክ በትራክተር የሚጎተቱ ታንኮች በመንገድ ላይ አፍስሰው በርካታ ሰዎች ሆስፒታል ገቡ።

የእነዚህ አደጋዎች መነሻ ብዙ ጊዜ ጥቃቅን ነገር ነው። የተሰነጠቀ ጎማ ቱቦ፣ ጊዜው ያለፈበት የግፊት መልቀቂያ ቫልቭ፣ አሞኒያ የሚበላው የመዳብ ወይም የነሐስ መገጣጠሚያ። ታንክ ከ85 በመቶ በላይ አይሞላም፤ ፀሐይ ሲያገኘው ፈሳሹ የሚሰፋበት ቦታ ያስፈልገዋልና። ፈሳሹ ውስጥ 0.2 በመቶ ውሃ መኖሩ ብረቱ በጊዜ ብዛት እንዳይሰነጠቅ ይረዳል፤ ባዕድ ነገር እንዳይገባ የሚጠነቀቅ ሰው ሲሰማው ግራ ይጋባ ይሆናል፣ ነገር ግን የተረጋገጠ ነው። ቱቦው ቢበጠስ ፍሰቱን በራሱ የሚዘጋ ቫልቭ አለ፤ ሆኖም የሚሠራው ፍሰቱ ከተወሰነ ፍጥነት ሲያልፍ ብቻ ስለሆነ ለትንሽ ቀዳዳ አያገለግልም። ለዚህ ነው ታንክ የሚሞላ ሰው ከቦታው መራቅ የሌለበት፣ ዓይን ማጠቢያ ውሃም በእጅ ርቀት መኖር ያለበት። አሞኒያ ዓይን ከነካ የመጀመሪያው ሕክምና ቢያንስ የ15 ደቂቃ ውሃ ነው፤ አምቡላንስ እስኪደርስ የሚጠብቅ ዓይን የለም።

ከዌስት በኋላ የተማረ ሰው አለ? በከፊል አለ። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 31 ቀን 2022 በሰሜን ካሮላይና ዊንስተን ሴሌም ከተማ አንድ የማዳበሪያ ፋብሪካ ተቃጠለ። በግቢው ወደ 600 ቶን የሚጠጋ አሞኒየም ናይትሬት ነበር፤ ዌስት ላይ ከፈነዳው በብዙ እጥፍ የሚበልጥ። የእሳት አደጋ ተከላካዮቹ ምን እንዳለ አወቁ፤ እሳቱን መቆጣጠር እንደማይችሉ ሲረዱ ለቀው ወጡ፤ በአንድ ማይል ዙሪያ የሚኖሩ 6,000 ያህል ሰዎችም ቤታቸውን እንዲለቁ ተደረገ። ለቀናት ነደደ። አልፈነዳም፣ ሰውም አልሞተም። እሳት እየነደደ ትቶ መሄድ ለእሳት አደጋ ሠራተኛ ቀላል ውሳኔ አይደለም፤ ያን ቀን ለወሰኑት ትልቅ ክብር አለኝ። ሕንፃው ግን አሮጌ ስለነበር አዲሶቹ ሕንፃዎች የሚጠየቁት ከጣሪያ ውሃ የሚረጭ መሣሪያ አልነበረውም። ተከላካዮቹ ተምረዋል፤ መጋዘኑ አልተማረም።

በ2020 በሊባኖስ ቤይሩት የሆነው ፍንዳታ ደግሞ የዌስት ተቃራኒ ሳይሆን መንትያው ነው። 2,750 ቶን አሞኒየም ናይትሬት ለዓመታት በወደቡ መጋዘን ቁጥር 12 ሲቀመጥ የሚያውቁ ባለሥልጣናት ነበሩ፤ ወደ እሳቱ የተላኩት 10 የእሳት አደጋ ሠራተኞች ግን ሳያውቁ ሄዱ፤ አንዳቸውም አልተመለሱም። በከተማዋ በሺዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያት የቤት ሠራተኞች ይኖሩ ስለነበር፣ ያ ምሽት በእኛም አገር ብዙ ቤት ስልክ ሲደወል ያደረበት ነው።

በኢትዮጵያ የገበሬ ማኅበራትና የዩኒየን መጋዘኖች ውስጥ የሚከማቸው በአብዛኛው ዩሪያና እንደ ኤንፒኤስ ያለ የፎስፈረስ ማዳበሪያ ነው፤ ከጅቡቲ ወደብ በ50 ኪሎ ከረጢት የሚመጣው። እነዚህ እንደ አሞኒየም ናይትሬት የሚፈነዱ አይደሉም፤ ከዌስት ታሪክ ተነስቶ የቀበሌውን መጋዘን መፍራት ስህተት ይሆናል። የእኛ መጋዘኖች ሥጋት ሌላ ነው፦ ማዳበሪያ ከፀረ ተባይ ጋር በአንድ ክፍል ማደሩ፣ የጎርፍ ውሃ መግባቱ፣ የተቀደደው ከረጢት ወደ ምንጭ መታጠቡ። ጊዜ ያለፈበት ፀረ ተባይ በየመጋዘኑ ሲያፈስ ቆይቶ፣ በ2000ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) ከሺህ ቶን በላይ እየተለቀመ ለማቃጠል ወደ ፊንላንድ መላኩን የሚያስታውሱ የግብርና ባለሙያዎች አሉ። ያ ሁሉ ወጪ የመጣው መርዙ ሲገባ በመጠኑ ስላልተገባ፣ ሲቀመጥም ስላልተጠበቀ ነው።

አሁን ግን ነገሩ ሊለወጥ ነው። በነሐሴ 2017 ዓ.ም. በሶማሌ ክልል ጎዴ ላይ በዓመት እስከ 3 ሚሊዮን ቶን ዩሪያ የሚያመርት ፋብሪካ ለመገንባት ከዳንጎቴ ግሩፕ ጋር ስምምነት ተፈርሟል። ዩሪያ የሚሠራው ከአሞኒያ ነው፤ አሞኒያው እዚያው ይመረታል፣ ይከማቻል። ከረጢት ብቻ ስናስቀምጥ የኖርን ሰዎች የዚህ ዓይነት ታንክ ጎረቤት እንሆናለን። ፋብሪካው ያስፈልገናል፤ ማዳበሪያ በውጭ ምንዛሪ እየገዙ መኖር ምን ያህል እንደሚያደክም ገበሬው ያውቃል። ጥያቄው በአጥሩ ዙሪያ ምን እንደሚፈቀድ ነው። የዌስቱ መጋዘን በ1960ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) ሲቆም ዙሪያው ባዶ ሜዳ ነበር። ከተማው ቀስ በቀስ ወደ እሱ ተጠጋ፦ ትምህርት ቤት፣ የአፓርታማ ሕንፃ፣ የአረጋውያን መኖሪያ። ፍንዳታው ሁሉንም መታ፤ የትምህርት ቤቱን ልጆች ያተረፈው ሰዓቱ ምሽት መሆኑ ብቻ ነው። የሥራ ዕድል ያለበት ፋብሪካ ሰው ይስባል፤ ሻይ ቤቱ ይመጣል፣ ኪራይ ቤቱ ይከተላል፣ ከዚያ ትምህርት ቤት ይጠየቃል። አሞኒያ የሚያከማች ግቢ ከመኖሪያ ቤት በስንት ርቀት እንደሚለይ የሚወስነው መስመር መሬቱ ገና ለማንም ሳይሰጥ ካልተሰመረ፣ በኋላ የሚሰመረው ካሳ ተከፍሎ ሰው ተነሥቶ ነው፤ ያም ገንዘቡ ከተገኘ። የጎዴ ከተማ እሳት አደጋ ሠራተኞችም ታንኮቹ የት እንደሚቆሙ፣ ነፋሱ በየትኛው ወር ወደ የትኛው ሰፈር እንደሚነፍስ የሚያጠኑት ታንኮቹ ከመሞላታቸው በፊት መሆን አለበት።