የመንዝ ሱፍና የዲዛይን ተማሪው የንግድ ሐሳብ

መሐል ሜዳ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር በሚበልጥ ደጋ ላይ ያለች የመንዝ ከተማ ናት። ብርዱ በጥጥ ልብስ ብቻ የሚመከት አይደለምና መንዜ ከበጉ ጸጉር ባና የተባለውን ብርድ ልብስና በርኖስ የተባለውን ካባ እየሠራ ኖሯል። ሴቶች ይፈትላሉ፤ ወንዶች ይሸምናሉ። የዲዛይን ተማሪ የፈጠራ ንግድ የሚጀምርበትን መንገድ ለመዳሰስ ከዚህ የተሻለ ቦታ አይታየኝም። ጥሬ ዕቃውም ሙያውም ችግሩም እዚሁ ነው።

የዲዛይን ትምህርት በአገራችን ገና ወጣት ነው። አለ ፈለገ ሰላም በ1957 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ላይ የመሠረቱትና ዛሬ በስማቸው የሚጠራው ትምህርት ቤት በይበልጥ የሚታወቀው በሠዓሊዎቹና በቀራጮቹ ነው። በልብስና በጨርቅ ላይ የሚያተኩረው ትምህርት በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የጨርቃ ጨርቅና ፋሽን ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ይሰጣል። ወጣቶች የንግድ ሐሳብ የሚያበስሉባቸው እንደ አይስአዲስ (በ2011 እ.ኤ.አ. የተቋቋመ) ያሉ ማዕከላት ደግሞ አዲስ አበባ ላይ የተከማቹ ናቸው፤ ዓይናቸውም በአብዛኛው ቴክኖሎጂ ላይ ነው።

የጎደለው የንግድ ሐሳቡን በገበያ መፈተን ይመስለኛል። ተማሪው የመመረቂያ ሥራውን በዐውደ ርዕይ ያሳያል፣ ይጨበጨብለታል፣ ውጤቱን ይቀበላል። ካጨበጨቡት ውስጥ ገንዘብ ከኪሱ የሚያወጣው ማን እንደሆነ የሚጠይቅ ግን ብዙም የለም።

የመጀመሪያው ፈታኝ ራሱ ሱፉ ነው። የመንዝ በግ ጸጉር ሻካራ ነው፤ አንገት ላይ የሚጠመጠም ስካርፍ ቢሠራበት ይኮሰኩሳል። ለስጋጃ፣ ለብርድ ልብስ፣ ለትራስ ልብስ፣ ለቦርሳና ከላይ ለሚደረብ ካባ ግን ጥንካሬው ጸጋ ነው። ጥቁር፣ ቡናማና ነጭ ቀለሙ ከበጉ ጋር አብሮ ስለሚመጣ ያለ ማቅለሚያም ብዙ ጥለት ይወጣዋል። ቀጥሎ ሸማኔው አለ። የባህላዊው ሽመና ዕቃ ጠባብ በመሆኑ ሰፊ ጨርቅ የሚገኘው ቁራጮችን በማጋጠም ነው፤ ይህን ሳያውቅ በኮምፒውተር የሣለ ተማሪ ሥዕሉ መሐል ላይ ይቆረጥበታል። ስለዚህ ከሸማኔው አጠገብ ተቀምጦ ትንሽ ናሙና ማሠራት ከማናቸውም ጥናት ይቀድማል።

ከዚያ ዋጋ ይመጣል። በእጅ መፍተል ከሽመናው የበለጠ ጊዜ ይወስዳል፤ ሆኖም ሒሳብ ሲሠራ ቶሎ የሚረሳው የፈታይዋ ድካም ነው። የፈታይዋ ድርሻ ገብቶ የወጣው ዋጋ ገዥን የሚያስደነግጥ ከሆነ ሐሳቡ መለወጥ አለበት፤ ዕቃው ይነስ፣ ጥለቱ ይቅለል፣ ወይም ሌላ ገዥ ይፈለግ። የገዥን ፍላጎት ለማወቅ ደግሞ ከአስተያየት መጠይቅ ይልቅ ቀብድ አምናለሁ። ናሙናውን አይቶ ግማሹን ዋጋ ያስያዘ ሰው አቋሙን በገንዘቡ ተናግሯል። አምስት ሰው ቀብድ ከሰጠ አምስት ይሠራል፤ ማንም ካልሰጠ የጠፋው የናሙናው ሱፍና ድካም ብቻ ነው።

በአካባቢ ካለ ዕቃና ሙያ ተነሥቶ ገዥ ማግኘት እንደሚቻል ምሳሌ አለን። ቤተልሔም ጥላሁን በ2004 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ዘነበወርቅ ሰፈር የመሠረተችው የጫማ ድርጅት ሶልሬብልስ የተነሣው ሁሉም ከሚያውቀው በረባሶ ነው። የመኪና ጎማው፣ በእጅ የተፈተለው ጥጥና ባለሙያው በአካባቢዋ ነበሩ፤ የእሷ ፈጠራ እነዚህን ለውጭ ገዥ በሚመች ጫማ ላይ ማገናኘቱ ነው።

ለመሐል ሜዳ ቅርቡ የውጭ ገዥ ወደ ጓሳ የሚመጣው ጎብኚ ነበር። ማኅበረሰቡ ቄሮ በሚባል ባህላዊ የጥበቃ ሥርዓት ለዘመናት ሲጠብቀው የኖረው ይህ የሣር ምድር ቀይ ቀበሮና ጭላዳ የሚታይበት ነው። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በአማራ ክልል የተነሣው ግጭት ግን የጎብኚውን መንገድ አጥብቦታል። የሞባይል ኢንተርኔትም ለብዙ ወራት ተዘግቶ ስለነበር በቴሌግራም ልሽጥ ላለ ተማሪ አማራጩ ጠፍቶ ነበር። በዚህ ምክንያት ሳይሸጥ መቅረቱን የተማሪው ስንፍና አድርጎ መቁጠር ግፍ ነው። ለጊዜው የሚሻለው ናሙናን ደብረ ብርሃንና አዲስ አበባ ባለ ዘመድ በኩል መፈተን ነው።

ሕጉ ከሚታሰበው በላይ ይረዳል። አዋጅ ቁጥር 123/1987 ለኢንዱስትሪ ዲዛይን የ5 ዓመት ጥበቃ ይሰጣል፤ ሁለት ጊዜ በ5፣ በ5 ዓመት ይታደሳል። የንግድ ምልክት አዋጁ ቁጥር 501/1998 ደግሞ በማኅበር የተደራጁ አባላት በጋራ ለሚጠቀሙበት የወል ምልክት ዕውቅና ይሰጣል። ስምን በጋራ በማስጠበቅ ረገድ የስኮትላንድ ምዕራባዊ ደሴቶች በእጅ የሚሸመነውን ሃሪስ ትዊድ የተባለ የሱፍ ጨርቅ በ1993 እ.ኤ.አ. በወጣ ሕግ አስጠብቀዋል፤ በደሴቶቹ ነዋሪ ቤት ያልተሸመነ ጨርቅ በዚያ ስም አይሸጥም። የመንዝ ፈታዮችና ሸማኔዎችም ተደራጅተው በወል ምልክት ቢሸጡ፣ ተማሪው ለጥለቱ፣ እነሱ ለስማቸው መብት ይኖራቸዋል። ይህን ስምምነት ግን ገበያው ከመሞቁ በፊት፣ ገና በናሙናው ጊዜ በጽሑፍ ማድረግ ያስፈልጋል።