ከሌዘር በኋላ ምን ያህል ይተርፋል?

የዓይናችን የፊት መስታወት የሆነው ኮርኒያ መሃሉ ላይ ከግማሽ ሚሊሜትር እምብዛም አያልፍም፤ በአማካይ 540 ማይክሮን ገደማ ነው። በሌዘር መነጽር የሚጣለው ከዚህ ስስ ነገር ላይ ተቀንሶ ነው። ታካሚው ምን ያህል እንደሚያይ ይጠይቃል። ጎበዝ ሐኪም ግን ምን ያህል እንደሚተርፍ አስቀድሞ ያሰላል።

ከኮርኒያ ውፍረት ዘጠና ከመቶው ስትሮማ ይባላል፤ በመቶዎች የሚቆጠሩ የኮላጅን ንጣፎች የተደራረቡበት ክፍል ነው። የንጣፎቹ ብርታት እኩል አይደለም። ከፊት ያሉት እንደ ሸማ ድርና ማግ ተጠላልፈዋል፤ ከኋላ ያሉት ታጥፎ እንደተቀመጠ ጋቢ አንዱ ባንዱ ላይ ተኝተዋል። ክፋቱ፣ ሌዘሩ በብዛት የሚወስደው ጠንካራውን የፊተኛውን ክፍል መሆኑ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻ የተጀመረው ፒአርኬ የተባለው የሌዘር ሕክምና የላይኛውን ስስ ሽፋን ልጦ በቀጥታ ስትሮማውን ይቀርጻል። ለጥቂት ቀናት ያማል፤ እይታው ጠርቶ እስኪረጋም ጊዜ ይወስዳል። ግሪካዊው ሐኪም ዮአኒስ ፓሊካሪስ እ.ኤ.አ. በ1990 ያስተዋወቀው ላሲክ ሕመሙን አስቀረ፦ ከፊት ክዳን ተቆርጦ ይገለጣል፣ ሌዘሩ ከሥሩ ይሠራል፣ ክዳኑ ይመለሳል። ታካሚው በማግስቱ ያያል። ዋጋው ግን አለ። የተቆረጡት የኮላጅን ክሮች እንደ ቀድሞው አይጋጠሙም፤ ክዳኑ በጠርዙ ላይ በጠባሳ ተይዞ ይቀመጣል እንጂ የዓይንን ግፊት በመሸከም ረገድ ድርሻው እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ዓይኑ በኃይል ሲመታ ከዓመታት በኋላ እንኳ ክዳኑ የተንሸራተተባቸው ሰዎች አሉ። ቦክሰኛ ለሆነ ሰው ፒአርኬ የሚመረጠውም ለዚህ ነው።

እስቲ እናስላው። ሌዘሩ ለአንድ የመነጽር ቁጥር ከ12 እስከ 15 ማይክሮን ያነሳል። ውፍረቱ 520 የሆነ ኮርኒያና የ8 ቁጥር መነጽር እንውሰድ። ክዳኑ 120፣ ሌዘሩ ለእያንዳንዱ ቁጥር 14 ቢወስድ 112፤ ከሥር የሚተርፈው 288 ነው። ለረጅም ጊዜ እንደ ዝቅተኛ መስፈርት የተያዘው 250 ስለነበር ይህ ሰው ያልፋል። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2014 ተመራማሪው ሳንቲያጎና ባልደረቦቹ ሌላ ሚዛን አቀረቡ፦ ክዳኑና የተነሳው ተደምሮ ከውፍረቱ 40 ከመቶ ከደረሰ አደጋው ይጨምራል። የኛ ሰው ወደ 45 ከመቶ ነው። በአንዱ ሚዛን ያለፈው በሌላው ወደቀ። እኔን ብትጠይቁኝ፣ እንዲህ ያለ ሰው መነጽሩን ቢያቆየው ይሻለዋል።

የሚፈራው ኤክታሲያ ነው። የሳሳው ኮርኒያ የውስጡን ግፊት መቋቋም ሲያቅተው ቀስ በቀስ ወደ ፊት ይወጣል፣ እይታውም ይዛባል። ከላሲክ በኋላ መድረሱን የዓይን ሐኪሙ ቴዎ ዛይለር እ.ኤ.አ. በ1998 ገልጿል። ብዙ ጊዜ የሚገጥመው አይደለም፤ ከመቶ አንድ እንኳ አይሞላም። ከተጠቂዎቹ ብዙዎቹ ግን ኮርኒያው በራሱ እየሳሳ ወደ ፊት የሚሾልበት ኬራቶኮነስ ሳይታወቅ የጀመራቸው ናቸው። ስለዚህ ከውፍረቱ ይልቅ የኮርኒያውን ቅርጽ የሚያሳየው ካርታ ይበልጥ ይናገራል። ዓይንን አጥብቆ ማሸትም አንድ መንስኤ ነው፤ በአለርጂ ዓይናቸውን ሲያሹ ያደጉ የአገራችን ልጆች ሲያድጉ ሌዘር ቢያምራቸው ይህን ለሐኪማቸው መናገር አለባቸው።

ስማይል የሚባለው አዲሱ ዘዴ ክዳን አይቆርጥም፤ በጠባብ ቀዳዳ ስስ ቅጠል መሰል ቁራጭ ከውስጥ ይወጣል። የፊተኛው ክፍል በአብዛኛው ስለሚተርፍ በንድፈ ሐሳብ ይሻላል። ማስታወቂያዎቹ ግን ኮርኒያው ጨርሶ እንደማይነካ ያስመስላሉ፤ ኤክታሲያ ከስማይል በኋላም ታይቷል።

ኤክታሲያ ከጀመረ በሪቦፍላቪን ጠብታና በአልትራቫዮሌት ጨረር የኮላጅኑን ትስስር ማጥበቅ ይቻላል። ሕክምናው መባባሱን ያቆማል፤ የተነሳውን ግን አይመልስም።

ሌላም ጣጣ አለ። የሳሳ ኮርኒያ የዓይን ግፊት መለኪያን ያታልላል፣ ንባቡ ከእውነተኛው ዝቅ ይላል። ብዙ ጊዜ ከዚህ ግፊት ጋር የሚያያዘው ግላኮማ ደግሞ በጥቁር ሕዝቦች ዘንድ በብዛትም በክፋትም ይከሰታል። ከ15 ዓመት በፊት ሌዘር የተሠራ ሰው መነጽር ስለማያደርግ ሐኪሙ በምን ያውቃል? ታካሚው ራሱ ካልነገረው የግፊቱን ቁጥር አይቶ ደህና ነህ ብሎ ይሸኘዋል።